ሳይታመሙ ለሙከራ መመዝገብ፦ የአእምሮ ሕመምን ለመከላከል የሚደረጉ ጥናቶችን ተሳታፊዎቹ እንዴት ያዩዋቸዋል?

የታመመ ሰው አዲስ መድኃኒት ለመሞከር ቢስማማ ምክንያቱ ግልጽ ነው። መዳን ይፈልጋል። ያልታመመ ሰውስ? ዓመት ሙሉ በየቀኑ ክኒን የሚውጠው፣ ደም የሚሰጠው፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ከፍቶዎታል?» የሚል መጠይቅ ደጋግሞ የሚሞላው ለምንድን ነው? ያውም የሚውጠው ክኒን ውስጡ ምንም ላይኖረው እንደሚችል እያወቀ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ድባቴንና ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችን ስለመከላከል በእርግጠኝነት የምናውቀው ጥቂት ነገር የተገኘው በእነሱ ነው። ዜና የሚሆነው ግን የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። «ኦሜጋ 3 (በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቅባት) ድባቴን አይከላከልም» ይባልና ያልፋል። ክኒኑን የዋጡት ሰዎች ለምን መጡ? ምን ጠበቁ? ለምን መሃል ላይ ተዉት? እነዚህን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ጥያቄዎቹ የጎንዮሽ ወሬ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ተሳታፊው ነገሩን የሚያይበት መንገድ ቁጥሩን ራሱን ይለውጠዋል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የመከላከል ሙከራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሙከራ ማለት አንድ መድኃኒት፣ ምክር ወይም ሥልጠና ይሠራ እንደሆነ በሰዎች ላይ በሥርዓት የሚፈተሽበት ጥናት ነው። የሕክምና ሙከራ የታመሙትን ይዞ «ይሻላቸዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የመከላከል ሙከራ ገና ያልታመሙትን ይዞ «ሳይታመሙ ይቆያሉ ወይ?» ይላል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለተሳታፊው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የታመመ ሰው ሲሻለው ያውቀዋል። እንቅልፉ ይመለሳል፣ ምግብ ይጣፍጠዋል። መከላከል ግን አይታወቅም። ክረምት ሳይገባ ጣሪያዎን አሳደሱ እንበል። ሐምሌና ነሐሴ አለፉ፣ አንድም ጠብታ አልገባም። ጥገናው ጠቅሞ ነው? ወይስ ድሮውንም አያፈስም ነበር? ወይስ ዘንድሮ ዝናቡ ቀለል ብሎ ነው? በአንድ ቤት ይህን ማወቅ አይቻልም። የሚታወቀው በአንድ ሰፈር ያሉ ብዙ ቤቶችን ወስዶ፣ ግማሾቹን በዕጣ መርጦ አድሶ፣ የቀሩትን እንዳሉ ትቶ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከየወገኑ ስንቱ እንዳፈሰሰ በመቁጠር ነው። የመከላከል ሙከራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ምርጫው ለሰዎቹ ቢተው ለጤናቸው የሚጠነቀቁት ወደ አንድ ወገን ይጎርፋሉ። ከዚያ ባይታመሙ በክኒኑ ይሁን በጥንቃቄያቸው መለየት አይቻልም። ዕጣ ሁለቱን ወገን ያመሳስላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሰዎች 10ሩ በአንድ ዓመት ውስጥ በድባቴ ይያዛሉ እንበል። አንድ ዘዴ ይህን በግማሽ ቢቀንስ 5 ይሆናል። ትልቅ ስኬት ነው። ግን ልብ ይበሉ፦ 90ዎቹ ያለ ዘዴውም አይታመሙም ነበር። 5ቱ ዘዴው እያለም ታመዋል። የተጠቀሙት 5 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነማን እንደሆኑ ደግሞ እነሱም አጥኚዎቹም መቼም አያውቁም። ይህን የምታክል ልዩነት ከአጋጣሚ ለመለየት በእያንዳንዱ ወገን ከ400 በላይ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ተሳታፊው የሚጠየቀው ይህን ነው፤ ለራሱ ጠቅሞት እንደሆነ በጭራሽ ለማያውቀው ነገር ከዕድሜው አንድ ዓመት እንዲሰጥ።

እስቲ አንዱን ሙከራ ቀረብ ብለን እንየው

ሙድፉድ የሚባል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደ ጥናት አለ። ምግብና ድባቴ ምን ያገናኛቸዋል የሚለውን ለማጥናት የተነሳ ነው። በውስጡ አንድ ትልቅ የመከላከል ሙከራ ነበረው። ሙከራው ከ2015 እስከ 2017 በአራት አገሮች ተካሄደ፦ በኔዘርላንድስ፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በስፔን። 1,025 ሰዎች ተሳተፉበት።

የተፈለጉት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ ትንሽ ትንሽ የመከፋት ምልክት ያለባቸው፣ ግን በወቅቱ የለየለት ድባቴ የሌለባቸው አዋቂዎች ነበሩ። ክብደት ለምን ተመረጠ? ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ድባቴ አብረው የመሄድ ልማድ ስላላቸው ነው። አንዱ ያለበት ሰው ሌላው የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ሰዎቹ በዕጣ ለአራት ተከፈሉ። በየቡድኑ 256 ሰው ገደማ ደረሰ። የመጀመሪያው ቡድን ኦሜጋ 3፣ ቫይታሚን ዲ ከካልሲየም ጋር፣ ፎሊክ አሲድና ሴሊኒየም የያዘ ክኒን በየቀኑ ወሰደ። ሁለተኛው መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ክኒን ወሰደ። ሦስተኛው እውነተኛውን ክኒን እየወሰደ የሥነ ልቦና ምክርም ተጨመረለት። አራተኛው ባዶውን ክኒን ከምክሩ ጋር አገኘ። ምክሩ እስከ 21 ጊዜ የሚደርስ ነበር፤ 15ቱ ለብቻ፣ 6ቱ በቡድን። ስሜትና አበላል እንዴት እንደሚጠላለፉ ሰውየው ራሱን እንዲያይ፣ ሲከፋው ወደ ጣፋጭ ከመሮጥ ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል እንዲለማመድ የሚረዳ ነው።

የአንድን ተሳታፊ ዓመት ለመገመት መጠይቁን ማየት ይጠቅማል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የድባቴ መለኪያ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል፤ በሙድፉድም ሰዎችን ለመምረጥ ያገለገለው ይኸው ነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ። ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ማጣት፣ መከፋት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መብዛት፣ «የማልረባ ሰው ነኝ» የሚል ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ። ዘጠነኛው ይከብዳል። «ብሞት ይሻለኛል» ብሎ ማሰብን ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይጠይቃል። መልሱ «በፍጹም» ከሆነ 0፣ «ለተወሰኑ ቀናት» ከሆነ 1፣ «ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ቀናት» ከሆነ 2፣ «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» ከሆነ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ሙድፉድ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 5 ማምጣት ያስፈልግ ነበር።

አሁን ይህን ወረቀት በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ፊቱ የሚያገኝ ሰው ያስቡ። ደህና ውሎ ሳለ «የማልረባ ነኝ ብለው አስበዋል?» ይባላል። አንዳንዱ ይህ ራሱን የማያ አጋጣሚ ሆነልኝ ይላል። «ለካ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም» ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አለ። ሌላው ደግሞ ስለ ሐዘን ደጋግመው ሲጠይቁት ይከብደዋል፣ ወይም እጅ እጅ ይለዋል። ሁለቱም እውነት ነው። መጠይቁ ዝም ብሎ የሚለካ ሜትር አይደለም፤ የሚለካውን ሰው በጥቂቱ ይነካዋል።

ውጤቱስ ምን ሆነ?

በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,025ቱ 105 ሰዎች በድባቴ ተያዙ። ባዶ ክኒን ብቻ ከወሰዱት 25፣ ባዶ ክኒንና ምክር ካገኙት 26፣ እውነተኛውን ክኒን ብቻ ከወሰዱት 32፣ ሁለቱንም ካገኙት 22። ልዩነቶቹ ከአጋጣሚ የሚያልፉ አይደሉም። ክኒኑም ምክሩም ድባቴን ለመከላከላቸው ማስረጃ አልተገኘም። ውጤቱ በ2019 ታተመ።

አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ አዋቂዎች በአማካይ ከአምስት ዓመት በላይ የተከታተሉት ሌላ ሙከራም ከዚህ አልራቀም። ቫይታሚን ዲ ድባቴን እንደማይከላከል አሳየ፤ ኦሜጋ 3ም አልረዳም። ስለዚህ «ድባቴ እንዳይዝዎት ይህን እንክብል በየቀኑ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የእነዚህን ሰዎች ዓመታት ያስቡ። ገንዘብዎን ያዳኑልዎት እነሱ ናቸው። «ውጤት የለውም» የሚለው መልስ ራሱ ውጤት ነው፤ ለተሳታፊው ግን እንዲህ ተብሎ ካልተነገረው በከንቱ የደከመ ይመስለዋል።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይመዘገባሉ?

በእንዲህ ያሉ ጥናቶች የተሳተፉ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው ደጋግሞ የሚነሳው የመጀመሪያው መልስ «ሌላ ሰው ይጠቀም ብዬ» የሚል ነው። ብዙዎቹ በቤታቸው ያዩት ነገር አለ። እናታቸው ወይም ወንድማቸው በድባቴ ሲሰቃይ አይተዋል። «እኔን ባይጠቅመኝ ልጆቼን ይጠቅም ይሆናል» ይላሉ።

ይህ መልካምነት ከልብ ነው። ግን ብቻውን አይቆምም። በብሪታንያ የሙከራ ተሳታፊዎችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች በ2010 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን በደንብ ይገልጸዋል። ሰው ሌላውን ለመርዳት ዝግጁ ነው፤ በፊርማው የሚጸናው ግን ለራሱም የሚተርፈው ነገር ሲኖር፣ ቢያንስ የማይጎዳው መሆኑን ሲያምን ነው። በእኔ እምነት ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጤነኛ አስተሳሰብ ነው።

ለራሱ የሚተርፈው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ክትትሉ ነው። ደሙ ይመረመራል፣ ክብደቱ ይለካል፣ «እንዴት ነዎት?» የሚለው ሰው ያገኛል። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ አሳሳቢ መልስ የሰጠ ሰው ዝም አይባልም፤ ይደወልለታል፣ ወደ ሕክምና ይመራል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባዶ ክኒን የሚወስዱትም በብዙ ሙከራዎች ውስጥ ጥቂት ሲሻላቸው የሚታየው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በአገራችን ላለ ሰው ለማስረዳት የማይከብድ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ስም ያሰጣል። «የምግብና የቫይታሚን ጥናት ላይ ነኝ» ማለት ግን ለጎረቤትም አያሳፍርም። ለስሜቱ አንድ ነገር ማድረግ የሚፈልግ፣ ግን «ታማሚ» መባልን የሚፈራ ሰው በዚህ በር ይገባል።

«ሐኪሙ ለእኔ የሚሆነኝን ይመርጥልኛል»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው አለመግባባት ይህ ነው። በ1982 ፖል አፕልባውም የሚባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የአእምሮ ሕክምና ጥናት ተሳታፊዎችን አነጋገሩ። ተሳታፊዎቹ ምደባው በዕጣ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ቅጹ ላይም ፈርመዋል። ሆኖም ብዙዎቹ «ለእኔ የሚሻለው ውስጥ ነው የሚያስገቡኝ» ብለው ያምኑ ነበር። ጥናትን ከሕክምና ጋር ማምታታት ነው ይህ። እስከ ዛሬ በየአገሩ ይታያል።

ለምን ይሆናል? ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ ሰው ሐኪም ነው የሚያየው። ሐኪም ደግሞ ለታካሚው ያስባል። ዕጣ ያወጣብኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? «በዕጣ» የሚለው ቃል በጆሮው ይገባል፣ ልቡ ውስጥ ግን አይደርስም።

በመከላከል ሙከራ አለመግባባቱ ሌላ መልክ ይይዛል። «እዚህ ከገባሁ ድባቴ አይዘኝም» የሚል መተማመን ይፈጠራል። ይህ ያሳስባል። ተጠብቄያለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ምልክቱ ሲጀምረው ሊዘናጋ ይችላል። አጥኚው በግልጽ ሊለው የሚገባው «ክኒኑ ይሠራ እንደሆነ አናውቅም። ብናውቅ ኖሮ እርስዎን አንጠይቅም ነበር» ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከአሥር ገጽ ቅጽ የበለጠ ያስረዳል።

ባዶ ክኒን መስጠት ማታለል አይደለም?

አይደለም፤ ሰውየው ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ካወቀና ከተስማማ። ባዶው ክኒን ፕላሴቦ ይባላል። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ተሳታፊውም የሚያገኘው አጥኚም አያውቁም። ምስጢሩ የሚጠበቀው ተስፋ ብቻውን ሰውን ደህና ሊያደርገው ስለሚችል ነው።

ሰው ግን ሰው ነው፤ መገመቱ አይቀርም። የዓሣ ዘይት የዋጠ ሰው ግሳቱ ያሳብቅበታል። ቪየና ውስጥ በወጣቶች ላይ የተደረገ የኦሜጋ 3 ሙከራ ለዚህ ያበጀው ዘዴ ደስ ይላል። ባዶዎቹ እንክብሎች ውስጥ የኮኮናት ዘይት ሞሉና አንድ በመቶ የዓሣ ዘይት ጨመሩበት። ለጣዕሙ ብቻ።

ምክርን ግን እንዲህ መደበቅ አይቻልም። ምክር ያልደረሰው ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ስንት ርቀት ተጉዞ፣ ፈርሞ፣ ዕጣው «ያለ ምክር» ሲልበት ቅር ይለዋል። አንዳንዱ እዚያው ይተወዋል። አንዳንዱ በራሱ ገንዘብ አማካሪ ይፈልጋል። ሁለቱም ውጤቱን ያዛባሉ። ያኛው ከቆጠራው ይወጣል፣ ይህኛው ሳይታወቅ ወደ ሌላው ቡድን ይመሳሰላል።

ለምን መሃል ላይ ይተዋሉ?

ሙድፉድን እስከ መጨረሻው የዘለቁት ከመቶ 76 ያህሉ ናቸው። ለአንድ ዓመት ሙከራ ይህ መጥፎ አይደለም። ከአራት አንዱ ግን ወጥቷል።

ከላይ ያነሳነው የቪየናው ሙከራ መጀመሪያ ታላቅ ተስፋ የሰጠ ነበር። በ2010 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 25 የሆኑ 81 ወጣቶች ነበሩበት። ሁሉም ሳይኮሲስ ለሚባለው ሕመም፣ ማለትም የሌለ ድምፅ ለሚሰማበትና ከእውነታ ጋር ለሚያለያየው ሕመም የተጋለጡ ተብለው የተለዩ ናቸው። በዓመቱ ኦሜጋ 3 ከወሰዱት 41 ሁለቱ ብቻ ታመሙ። ፕላሴቦ ከወሰዱት 40 ግን 11 ታመሙ። ዓለም ተደነቀ። ከዚያ ይህንኑ በብዙ አገሮች በ304 ወጣቶች ላይ ደገሙት። በ2017 የወጣው ውጤት ልዩነት አላሳየም። በሁለቱም ወገን የታመሙት ከመቶ 10 ወይም 11 ገደማ ነበሩ።

ምን ተፈጠረ? አንዱ ማብራሪያ የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ስለነበር በአጋጣሚ አሸብርቆ ነው። ሌላው ማብራሪያ ግን ወደ ተሳታፊዎቹ ይወስደናል። በሁለተኛው ሙከራ ክኒኑን በተባሉት መሠረት የወሰዱት ወጣቶች ከግማሽ በታች ነበሩ። ያልተዋጠ ክኒን ይሥራ አይሥራ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የ17 ዓመት ልጅ ምንም ሳያመው በየቀኑ አራት እንክብል ይውጣል ብሎ መጠበቅ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። እሱን ሳይጠይቁ የተነደፈ ሙከራ እሱ ጋ ሲደርስ ይሰበራል።

አንዳንድ ጊዜ መተው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በ2006 በሰሜን አሜሪካ የታተመ ሙከራ ለሳይኮሲስ ተጋላጭ ናቸው ለተባሉ 60 ሰዎች ኦላንዛፒን የሚባል መድኃኒት ወይም ፕላሴቦ ሰጠ። መድኃኒቱን የወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ወደ 9 ኪሎ ጨመሩ። ፕላሴቦ የወሰዱት አንድ ኪሎ እንኳ አልሞሉም። ከመድኃኒቱ ቡድን ከግማሽ በላይ አቋርጠው ወጡ። አንዱን ወጣት በቦታው ሆነው ያስቡት። ምናልባት ሊመጣ ለሚችል፣ ምናልባትም ለማይመጣ ሕመም ብሎ ዛሬ ሱሪው አልገባ ብሎታል። ለታመመ ሰው የሚያዋጣ ዋጋ ላልታመመ ሰው አያዋጣም። ተሳታፊዎቹ ይህን በእግራቸው ነው የመለሱት።

ከዚህ የሚለየው በእንግሊዝ የተካሄደው የትምህርት ቤቶች ጥናት ነው። ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች። ከ11 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆች በክፍል ውስጥ ሐሳብን በረጋ መንፈስ የመከታተል ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ድባቴን ይከላከል እንደሆነ ለማየት። ውጤቱ በ2022 ወጣ፤ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ አልሆነም። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ሲገቡ ልምምዱን አልሠሩትም ማለት ይቻላል። የልጆቹ አስተያየትም የተለያየ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሙከራው ውስጥ እንግባ ብሎ የወሰነው ትምህርት ቤቱ ነው። ልጁ ለሥልጠናው እጁን አውጥቶ አልመጣም።

አጥኚዎች ሲተነትኑ «እስከ መጨረሻ የተከታተሉት የተሻለ ሆኑ» የሚል ነገር ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። በሙድፉድም ምክሩን በደንብ የተከታተሉት ላይ የመጠቀም ፍንጭ ታይቷል። ይህን በጥንቃቄ ማየት ያሻል። ምክሩ ረድቷቸው ነው የተሻላቸው? ወይስ ድሮውንም ደህና የነበሩት ናቸው ለመምጣት አቅም ያገኙት? የከፋው ሰው ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፤ ቀጠሮ የሚቀረው እሱ ነው።

«ተጋላጭ ነህ» መባል ራሱ አይጎዳም?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይከብደኛል። ለሳይኮሲስ የተጋለጡ ወጣቶችን አስቀድሞ የመለየቱ ሥራ በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ በ1990ዎቹ በፓትሪክ ማክጎሪና ባልደረቦቻቸው ነው ሥር የያዘው። ዓላማው ቅን ነው፤ ሕመሙ ሳይጠና መድረስ። ነገር ግን ተጋላጭ ከሚባሉት ወጣቶች አብዛኞቹ፣ ከአራት ሦስቱ ገደማ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ያ ሕመም አይመጣባቸውም።

ስለዚህ ሦስቱ ልጆች ላልመጣ ነገር ስም ተሸክመው ይከርማሉ። አንዳንዱ እፎይ ይላል። «ለካ የሚሆነው ነገር ስም አለው፣ የሚረዳኝም አለ» ይላል። ሌላው ግን በእያንዳንዱ መጥፎ ቀን «መጣብኝ» ብሎ ይደነግጣል። እናትና አባት ልጁን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራሉ።

በኢትዮጵያም ይህንን የሚመስል ነገር ተመዝግቧል፤ ምንም እንኳ የአእምሮ ሕመም ባይሆን። ወላይታ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው የእግር እብጠት ላይ የዘር ጥናት ሲታሰብ ሰዎች ስለ ፈቃድ አሰጣጡ ተጠየቁ። በ2009 በታተመው በዚህ ጥናት ላይ የወጣው ትልቁ ስጋት መርፌው ወይም ደሙ አልነበረም። ጥናቱ «ሕመሙ በዘር ይሄዳል» ቢል ቤተሰቡ ከሰው እንዳይገለል የሚለው ፍርሃት ነበር። ጋብቻ ላይ ዘር በሚጠየቅበት አገር ይህ ተራ ስጋት አይደለም። ስለ አእምሮ ሕመም ሲሆን ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ወደፊት በአገራችን የመከላከል ሙከራ የሚያስብ ተመራማሪ ከክኒኑ በፊት ይህን መመለስ አለበት፤ ማን ያውቃል? ወረቀቱ የት ይቀመጣል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትመጣ ጎረቤት ምን ይላል?

መከላከል ጭራሹን አይቻልም ማለት ነው?

አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ራስን የመርዳት ሥልጠና አለ። አምስት ጊዜ የሚሰጥ፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርትና በሥዕል የታጀበ መጽሐፍ ያለው። ባለሙያ በማይበዛበት ቦታ እስከ 30 ሰው በአንድ ላይ ይከታተለዋል። ቱርክ ውስጥ 642 ሶርያውያን ስደተኞች ላይ ተሞከረ። ሁሉም ተጨንቀዋል፣ ግን የለየለት ሕመም ገና አልያዛቸውም። ከስድስት ወር በኋላ ሥልጠናውን ካገኙት ከመቶ 22 ገደማ፣ ካላገኙት ከመቶ 41 ገደማ የአእምሮ ሕመም ታየባቸው። ትልቅ ልዩነት ነው። ያው ሥልጠና በምዕራብ አውሮፓ ከየአገሩ በመጡ ስደተኞች ላይ ሲሞከር ግን ጥቅሙ ወዲያው ታይቶ በስድስት ወሩ ጠፋ።

አንድ ሥልጠና፣ ሁለት ውጤት። የጥገኝነት መልስ እየጠበቀ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚዛወር ሰውና በአንድ ሰፈር ከአገሩ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሰው ሥልጠናውን እኩል ይቀበሉታል ብዬ አላምንም። የዚህን ልዩነት ምክንያት ሊነግሩን የሚችሉት ውስጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ከየሙከራው ጎን ቃለ መጠይቅ የሚያስፈልገው።

እርስዎ ቢጋበዙስ?

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በሆስፒታልና በዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ላይ የተሳታፊ ጥሪ ይለጠፋል። ኢትዮጵያ ውስጥም የአእምሮ ጤና ጥናቶች ይካሄዳሉ።

መጀመሪያ በዕጣ የሚደረግ መሆኑን ይጠይቁ። ከሆነ፣ የማይፈልጉት ቡድን ቢደርስዎት ትቀጥላለህ ወይ፣ ትቀጥያለሽ ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ዛሬ አለመግባቱ ነገ ከመውጣት ይሻላል። ስንት ጊዜ እንደሚጠሩ፣ ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል፣ የሚውጡት ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል በዝርዝር ያስነግሩ። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። በሙከራው መሃል ቢታመሙ ማን እንደሚያክምዎት ይወቁ። ውጤቱ ሲወጣ ይነግሩዎት እንደሆነም ይጠይቁ። ብዙ ተሳታፊዎች ዓመታቸውን ሰጥተው ምን እንደተገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ይህ በእኔ ዓይን ትልቅ ነውር ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያንስ ገንዘብ የለም።

ከገቡ በኋላም ቢሆን በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ። የተለመደው ሕክምናዎ በዚህ ምክንያት ሊቋረጥብዎት አይገባም። ክኒኑን መዋጥ ካቆሙ ደግሞ «እየዋጥኩ ነው» ብለው አጥኚውን አያስደስቱት፤ እውነቱን ይንገሩት። የስምምነት ቅጹ ላይ የአጥኚውም የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ስልክ መኖር አለበት። ከፈረሙ በኋላ የራስዎን ቅጂ ተቀብለው ይሂዱ።